ሞድ ሠርቶ በሰው ዐይን ስለ መግባት

«ሞድ» ማለት አንድ ኩባንያ ሠርቶ የሸጠውን የቪዲዮ ጌም ተጫዋቹ ራሱ ከፍቶ የሚለውጠው፥ የሚጨምርበት ወይም ጨርሶ ሌላ ጨዋታ የሚያደርገው ሥራ ነው። ሠሪው ብዙ ጊዜ ደመወዝ የለውም፤ ሥራውንም ለሌሎች ተጫዋቾች በነፃ ያድላል። ነገሩን ለማያውቁት አንባብያን ይህን ያህል ካስረዳሁ በኋላ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ። ከእነዚህ ሥራዎች ጥቂቶቹ በሚሊዮን ሰዎች ዘንድ ሲታወቁ፥ የቀሩት በማከማቻ ድረ ገጽ ላይ ተቀምጠው የሚነካቸው ሰው የሚያጡት ስለ ምንድን ነው? ሥራው እንዲታይለት የሚፈልግ ሠሪስ ምን ቢያደርግ ይሻለዋል?

በዚህ ነገር ላይ በጓደኞቼ መካከል ሁለት አስተያየት ሰምቻለሁ። አንደኛው ወገን፥ ሥራው መልካም ከሆነ ሰው ፈልጎ ያገኘዋል፥ ሠሪው ዝም ብሎ ይሥራ ይላል። ሁለተኛው ወገን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውን ተረት ይጠቅስና፥ ነገሩ ሁሉ በማስታወቂያ ብዛት የሚወሰን ስለ ሆነ በየቦታው መለፈፍ ነው ይላል። እኔ ግን ሁለቱንም ለመቀበል ተቸግሬአለሁ። ፊተኞቹ ሠሪውን በተስፋ ያስተኙታል፤ ኋለኞቹ ደግሞ ጕሮሮውን ያስጨርሱታል። የታወቁትን ሥራዎች አንድ በአንድ ስመረምር ያገኘሁት ነገር ሌላ ነው፤ ይኸውም ሞዱ ከአንዱ ተጫዋች ወደ ሌላው የሚሻገርበት መንገድ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚለጠፍ ሳይሆን፥ በሥራው ውስጥ ገና ከመጀመሪያው የተበጀ መሆኑ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድሜ የራሴን ውድቀት ልናገር፤ ሒስ የሚጽፍ ሰው የራሱን ሥራ ደብቆ የሌላውን ቢመረምር አያምርበትምና። ባለፈው ክረምት ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር ለካውንተር ስትራይክ 1.6 አንድ ካርታ ሠርተን ነበር። (ካርታ ብቻውን ሞድ ይባላል ወይስ አይባልም የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ ልተወው።) የቆርቆሮ ጣሪያ ያላቸው ሱቆች፥ በጆንያ ክምር የተዘጉ መተላለፊያዎች፥ መኻሉ ላይ የውሃ ቦኖ ያለበት የገበያ ስፍራ ነው። ዐሥር ሳምንት ፈጀብን። ከዚያ በኋላ በአንድ ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ አኑረን ሦስት ገጽ የሚሞላ መግለጫ ጻፍንለት፤ የጣሪያው ዝገት ብቻ አንድ ሙሉ አንቀጽ ነበረው። ለምናውቀው ሰው ሁሉ መልእክት ላክን። በወሩ መጨረሻ ያወረዱት ሰዎች አርባ አልሞሉም፤ ከእነሱም ውስጥ ስንቱ እኛው ራሳችን እንደ ነበርን ለመቍጠር አልደፈርንም። አስተያየት የጻፈልን አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፥ እርሱም የጠየቀው ካርታው በየትኛው ሰርቨር ላይ እንደሚገኝ ነው። በየትኛውም ሰርቨር ላይ አልነበረም። የዚያ ሰው ጥያቄ ምን ማለት እንደ ሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የካውንተር ስትራይክ የራሱ ታሪክ ለዚህ ጉዳይ ዋና ምስክር ይሆናል። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሃፍ ላይፍ የተባለውን ጨዋታ ያወጣው በኖቬምበር 1998 ነው። በጁን 1999 ሚን ሌ የተባለ በካናዳ በሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት፥ የድረ ገጹን ሥራ ከያዘለት ከጄስ ክሊፍ ጋር ሆኖ በሃፍ ላይፍ ላይ የሠራውን ሞድ የመጀመሪያ የሙከራ እትም አወጣ። ያ እትም ዛሬ ሰው የሚያውቀው ካውንተር ስትራይክ አልነበረም። ታጋቾችን ከማስለቀቅ በቀር ሌላ ዐይነት ፍልሚያ አልነበረውም፤ ቦምብ የማጥመዱና የማምከኑ ጨዋታ የተጨመረው በዚያው ዓመት መጨረሻ ግድም፥ በአራተኛው የሙከራ እትም ነው። ሠሪዎቹ ሁሉን እስኪፈጽሙ ድረስ አልጠበቁም። ያላለቀውን አውጥተው፥ ከአንድና ከሁለት ወር በማይበልጥ ልዩነት አዲስ እትም እያከታተሉ ሰጡ፤ እያንዳንዱም እትም ራሱ ወሬ ነበር። ትናንት ያጕረመረመ ተጫዋች ዛሬ ለጕርምርምታው መልስ አግኝቶ ሲያይ ሞዱ የራሱ ጉዳይ ይሆንበታል፤ የራሱ የሆነውን ነገር ደግሞ ማንም ሳያዝዘው ለሌላው ያወራል። በዚህ ላይ ሠሪዎቹ የሌሎችን ሥራ ይቀበሉ ነበር። ደስት የሚባለውና በዓለም የታወቀው ካርታ የዴቭ ጆንስተን፥ የአንድ እንግሊዛዊ ወጣት ሥራ ነው፤ በአራተኛው እትም ገባ። ሥራው የገባለት ሰው ሁሉ ያለ ደመወዝ የሞዱ ዐዋጅ ነጋሪ ሆነ ማለት ነው። ቫልቭ በ2000 መብቱን ወስዶ ሠሪዎቹን ቀጠራቸው፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ጨዋታው በሱቅ ተሸጠ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ የለብኝም። ሚን ሌ ከባዶ የተነሣ ሰው አልነበረም። ከዚያ በፊት ለክዌክ ኔቪ ሲልስ የተባለውን ሞድ ሠርቷል፤ በአክሽን ክዌክ 2 ሥራም ተካፍሏል። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው እትም እጁን የሚያውቁ ተጫዋቾች ነበሩት። የካውንተር ስትራይክን ታሪክ ለጀማሪዎች የሚተርኩ ሰዎች ይህን ክፍል መዝለል ይወዳሉ። በሦስተኛው ሥራ የተገኘን ስም በመጀመሪያው ሥራ የሚጠብቅ ሠሪ ግን ሐዘን ይጠብቀዋል፤ እኛም ያን ዐይነት ሠሪዎች ነበርን።

ማስታወቂያ መቅደም አለበት የሚሉት ወገኖች ብላክ ሜሳን ሊጠቅሱብኝ ይችላሉ። ይህ ሞድ ሃፍ ላይፍን በአዲስ መሣሪያ እንደ ገና ለመሥራት በ2005 የተጀመረ ነው። በ2008 የማስታወቂያ ቪዲዮ አሳይቶ በ2009 እወጣለሁ አለ፤ 2009 ግን እንዲሁ አለፈ። ሞዱ የወጣው በሴፕቴምበር 2012 ሲሆን፥ የመጨረሻው ክፍል ተጨምሮበት ሙሉ የሆነው በማርች 2020 ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን አልተረሳም። እውነት ነው፤ ነገር ግን ያልተረሳው ሃፍ ላይፍ እንጂ ሞዱ አይደለም። ማስታወቂያው የሠራው በተወረሰ ስም ላይ ቆሞ ነው። የሚወርሰው ስም የሌለው ሰው ባዶ እጁን ዘርግቶ «ከሦስት ዓመት በኋላ አሳያችኋለሁ» ቢል ማን ይጠብቀዋል?

አሁን ወደ ሰርቨሩ ጥያቄ ልመለስ። ዋርክራፍት ሦስት በ2002 በወጣ በዓመቱ፥ ዩል በሚል የጨዋታ ስም የሚታወቅ ሰው ዶታ የተባለውን ካርታ ሠራ። ከእርሱ በኋላ ብዙዎች እየተቀባበሉ አሻሻሉት፤ ከእነሱም መካከል ጊንሱ የሚባለው ስቲቭ ፊክ፥ ከ2005 ጀምሮ ደግሞ አይስፍሮግ በይበልጥ ይጠቀሳሉ። እንደ ሒስ ጸሐፊ ከተጠየቅሁ፥ ዶታ ለእንግዳ ሰው ምሕረት የሌለው ጨዋታ ነው። አዲስ የገባውን ተጫዋች ማንም አያስተምረውም፤ ይልቁንም የገዛ ቡድኑ ይሰድበዋል። እንዲህ ያለ ሥራ እንዴት ዓለምን ሞላ? መልሱ በሁለት ነገር ላይ ያርፋል። አንደኛ፥ አምስት ለአምስት የሚጫወቱት ስለ ሆነ ጨዋታውን የወደደ ሰው ዘጠኝ ሰው መፈለግ አለበት። ሁለተኛ፥ በዋርክራፍት ሦስት ካርታው የሌለው ሰው ወደ ተከፈተው ጨዋታ ሲገባ፥ ካርታው ከከፋቹ ዘንድ በዚያው ሰዓት ይላክለታል። ድረ ገጽ አይፈልግም፤ መግለጫ አያነብም፤ ጥሪውና ሥራው አብረው ይደርሱታል። አዲስ እትም ሲወጣም እንዲሁ በአንድ ሌሊት ይዳረሳል።

በ2006 ባስሃንተር የተባለው የስዊድን ዘፋኝ ስለ ዶታ የዘፈነውን ዘፈን አንሥተው «ያሳወቀው እርሱ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ ይህን ምክንያቱንና ውጤቱን ማቀያየር ነው እላለሁ። ዘፋኙ የዘፈነው በጓደኞቹ ዘንድ ስለ ተለመደ ነገር ነው። በ2011 ቫልቭ በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ የመጀመሪያውን የዶታ 2 ውድድር አድርጎ ለአሸናፊው ቡድን አንድ ሚሊዮን ዶላር ሲሸልም፥ ጨዋታው ስምንት ዓመት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሮ ነበር።

ይህን ካነበብሁ በኋላ እኔና ጓደኛዬ ካርታችንን ከድረ ገጹ አነሣነውና በመኝታ ቤታችን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሰርቨር ከፈትን። በካውንተር ስትራይክ 1.6ም ሰርቨሩ ከፈቀደ ካርታው ለሚገባው ሰው ይላክለታልና። ቅዳሜ ማታ ስምንት ሰው ገባ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ዐሥራ አራት። አንዳቸውም መግለጫችንን አላነበቡም፤ ስለ ዝገቱም የተናገረ ሰው የለም። ብዙዎቹ ግን በምሥራቁ መተላለፊያ በኩል የሚገባው ቡድን ሁልጊዜ እንደሚሸነፍ ነገሩን። ዐሥር ሳምንት ስንሠራ ይህን አላየንም ነበር።

እስከ አሁን የተናገርሁት ለብዙ ሰው ስለሚሆኑ ጨዋታዎች ነው። አንድ ሰው ብቻውን የሚጫወታቸውስ? ሌላ ሰው ስለማያስፈልግ ጥሪ የላቸውም፤ የሚሻገሩት በወሬ ነው። በ2011 ዴቪ ሪደን ያወጣውን ስታንሊ ፓራብልን እንመልከት። አንድ የቢሮ ሠራተኛ ሁለት በር ፊት ይቆማል፤ ተራኪው «በግራው ገባ» ይላል፤ ተጫዋቹ በቀኙ ከገባ ተራኪው ይቈጣል። በጥቂት ደቂቃ አንድ መጨረሻ ላይ ይደርሳሉ፤ ሌሎች መጨረሻዎች ግን አሉ። የጨረሰው ሰው ወዲያው ጓደኛውን «አንተ የት ደረስህ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ90,000 ጊዜ በላይ መውረዱ አያስደንቀኝም። በእኔ አስተያየት ሥራው ራሱ በአንዳንድ ስፍራ ብልጠቱን አብዝቶ ያሳያል፤ ቢሆንም ሠሪው አንድ ነገር በትክክል ዐውቋል፤ ተጫዋቹ ከወንበሩ ሲነሣ በአፉ ውስጥ የሚቀር ጥያቄ ሰጥቶታል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ዴይዚ ነው። ዲን ሆል የተባለ በኒው ዚላንድ ጦር ሠራዊት ውስጥ ያገለገለ ሰው፥ አርማ 2 በሚባለው የቼክ አገር ጨዋታ ላይ ሠርቶ በ2012 አወጣው። ይህ ሞድ እኔ እስከ አሁን የተናገርሁትን ምክር ሁሉ የሚቃወም ይመስላል። ለመጫን እጅግ አስቸጋሪ ነበር፤ በየጊዜው ይበላሽ ነበር፤ ሞዱ በነፃ ቢሆንም ለመጫወት ሦስት ዓመት የሆነውን አርማ 2ን መግዛት ያስፈልግ ነበር። ሆኖም በዚያው ዓመት እስከ ኦገስት ድረስ አንድ ሚሊዮን ተጫዋች አገኘ፤ አሮጌውንም ጨዋታ በስቲም የሽያጭ ዝርዝር ራስ ላይ አወጣው። ምክንያቱን ስፈልግ ያገኘሁት በተጫዋቾቹ አነጋገር ውስጥ ነው። ዴይዚን የተጫወተ ሰው «ሙታን የሚሄዱበት ጥሩ ሞድ አለ» አይልም፤ «ትናንት ማታ ምን እንደ ደረሰብኝ ልንገርህ» ነው የሚለው። 225 ካሬ ኪሎ ሜትር በሆነ አገር ላይ ያለ ካርታና ያለ ምግብ ይጣላል፤ ከሩቅ የሚመጣው ሰው ወዳጅ ይሁን ጠላት አያውቅም፤ ከሞተ የሰበሰበውን ሁሉ አጥቶ እንደ ገና ይጀምራል። ሞት ዋጋ ስላለው እያንዳንዱ ሞት ታሪክ ይሆናል። ታሪኩም በቃልና በቪዲዮ ተዳረሰ፤ ሰሚው የራሱን ታሪክ ፈልጎ ገንዘቡን አወጣ። እንግዲህ የመጫን ቅለት ብቻውን ሞድን አያሳውቅም፤ ችግሩም ብቻውን አይቀብረውም።

በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ከውጭ አገር በስጦታ የመጡ መጻሕፍት በመደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሰው ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን መምህራችን ከእነሱ አንዱን አንሥተው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አነበቡልንና ዘጉት። በዚያ ሳምንት መጽሐፉን ለመዋስ ተራ የያዝን ልጆች በረንዳውን ሞላነው። ከጎኑ የነበረው መጽሐፍ ምናልባት ይበልጥ ነበር፤ ግን እስከ ዛሬ ርእሱን አላውቅም። ለስካይሪም የተሠሩት ሞዶች ያሉበት ሁኔታ እንዲሁ ነው። ጨዋታው በ2011 ከወጣ ወዲህ በኔክሰስ ሞድስና በስቲም ወርክሾፕ ላይ የተከማቸው ሥራ አንድ ሰው በዕድሜው ተጫውቶ የሚጨርሰው አይደለም። በዚያ መደርደሪያ ላይ የመጀመሪያው ገጽ ማለት ስሙ፥ አንድ ሥዕልና አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።

ሁለት ሥራዎችን ላነጻጽር። ፎልስካር በ2013 ወጣ፤ አንድ የ19 ዓመት ወጣት፥ አሌክሳንደር ቬሊኪ፥ የስካይሪም ሠሪ የሆነው ኩባንያ እንዲቀጥረው ብሎ ከ2,000 ሰዓት በላይ የደከመበት አዲስ ምድር ነው። ጋዜጦች ጻፉለት፤ ሥራም አገኘ፤ የቀጠረው ግን ባንጂ የተባለው ሌላ ኩባንያ ነው። ሆኖም ጽሑፎቹን ስናነብ የሚወሳው ልጁ እንጂ ምድሩ አይደለም። ለእኔ የምድሩ ታሪክ ቀርፋፋ፥ ሰዎቹም የተለመዱ ናቸው፤ የተሸጠው የድካሙ ብዛት ነው። ፎርጎተን ሲቲ ግን በ2015 ሲወጣ ሠሪው፥ ኒክ ፒርስ የተባለ የአውስትራሊያ የሕግ ሰው፥ በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ሐሳብ ነበረው፤ ከምድር በታች ባለች ከተማ አንድ ሰው ሕግ ቢያፈርስ ሁሉም ይሞታሉ። ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ማን አፈረሰ?» ሳይል ያልፋል? ሞዱ ከሦስት ሚሊዮን ጊዜ በላይ ወርዷል፤ በ2016 የአውስትራሊያ ደራስያን ማኅበርን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያ ሞድ ሆኗል፤ በ2021ም ራሱን የቻለ ጨዋታ ሆኖ ወጥቷል። ኒክ ፒርስም በሥራው ደክሟል፤ ግን ድካሙን አላስቀደመም። የእኛ ሦስት ገጽ መግለጫ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ ድካማችን የሚናገር ነበር።

ስለ ሥዕሉና ስለ ስሙ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ሥዕሉ ሞዱ የለወጠውን ነገር ያሳይ፤ ስሙ በአፍ የሚጠራና በፍለጋ የሚገኝ ይሁን፤ ለመጫን ሌሎች ሞዶች የሚያስፈልጉት ከሆነ በግልጽ ይጻፍ። ገንዘብ መጠየቅም ቀላል ነገር አይደለም፤ በኤፕሪል 2015 ስቲም የስካይሪም ሞዶች በዋጋ እንዲሸጡ ፈቅዶ፥ ከተጫዋቾቹ ቍጣ የተነሣ በአራት ቀን ውስጥ ሰርዞታል። ሞድ ከእጅ ወደ እጅ የሚሻገረው ነፃ ስለ ሆነም ጭምር ነው። ለሠሪው ከሽያጩ 25 በመቶ ብቻ ይደርሰው እንደ ነበር ሳስብ ግን የተጫዋቾቹን ቍጣ ሙሉ በሙሉ ለማመስገን ያዳግተኛል።

አንድ ወዳጄ ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አንብቦ ከባድ ተቃውሞ አቀረበልኝ። «እንግዲያው ታሪክ የማይሆን፥ ጓደኛ የማይጠራ፥ ዝም ያለ ሥራ ይቀበር ማለትህ ነው?» አለኝ። ስሕተት የሚያርም፥ ፊደል የሚያስተካክል፥ ጽሑፉን ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመልስ ሞድ ማን ያወራለታል? ለዚህ ያለኝ መልስ ከፊል ነው። ለስካይሪም ስኬ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ለብቻው ሲታይ ተጫዋቹ ምንም የሚያየው ነገር የለውም። ነገር ግን የዕቃ ዝርዝሩን ያሻሻለው ስካይዩአይ የተባለው ሞድ ያለ እርሱ አይሠራም፤ ሌሎችም ብዙዎች እንዲሁ። ስለዚህ ስኬን ሁሉም ያወርደዋል። ዝም ያለ ሥራ ለሌላ ሥራ መሠረት በመሆን ሊታወቅ ይችላል። ይህ ግን ለሁሉም አይሆንም። በማንም ላይ ያልተደገፈ፥ ማንም ያልተደገፈበት፥ ለሃምሳ ሰው ብቻ የተሠራ መልካም ሥራ አለ፤ እርሱን በወረደበት ብዛት የምንመዝን ከሆነ ሒስ መጻፋችንን ትተን ቈጣሪዎች ብንሆን ይሻላል። ወዳጄ በዚህ መልስ አልረካም፤ እኔም ሙሉ በሙሉ አልረካሁም።

ካርታችንን አሁን አሳጥረነዋል። የምሥራቁን መተላለፊያ አሰፋነው፤ ቦኖውን ወደ ጎን አዞርነው፤ ዝገቱ ግን አለ። ስሙ ሦስት ቃል ያለው ረጅም የእንግሊዝኛ ስም ነበር፤ በጣም እንኮራበት ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ከሌላ ሕንፃ የመጣ የማናውቀው ተማሪ በራችንን አንኳኳና «የጆንያውን ክፈቱልን» አለ። ጓደኛዬ የትኛውን ማለቱ እንደ ሆነ ሊጠይቀው ሲል ያዝሁት። በዚያው ማታ ፋይሉን ከፍተን ስሙን ለወጥነው።